የፋሲካ እናት አሪቲ

ፋሲካ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ይፋግ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ልጆቼ፣ እኛ ደብረ ታቦር ላይ በክረምት ጋቢ ደርበንም እንንቀጠቀጣለን። ይፋግ ግን ሞቃት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ምድሩ ይተናል። አረሙማ ዛሬ ነቅላችሁት ነገ ይስቅባችኋል።

እናቷ ገነት ከደጃፏ ትንሽ የአትክልት መደብ ነበረቻት። በሶብላም ጤና አዳምም ነበረበት። ከሁሉ የምትወደው ግን አሪቲዋን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አንድ ዘለላ ቀንጥሳ ከነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ስለዚህ ፋሲካ እናቷን ስታቅፍ የሚሸታት አሪቲ ነው።

ሰኔ ላይ የፋሲካ አያት ታመሙ። የሚኖሩት እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ገነት ልታስታምማቸው ስትነሣ ልጇን ጠራቻት።

«ፋሲዬ፣ ለቡሄ እመለሳለሁ። አሪቲዬን አደራ። አረሙን በእጅሽ ንቀዪለት፣ ደረቅ ሣር አልብሺው፣ ፍግ አጉርሺው። ሌላ አይፈልግም።»

«እሺ እማ።»

ናፍቆት ታውቃላችሁ? ፋሲካ እናቷ ናፍቃት ነበር። በየጠዋቱ አሪቲው አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ ታሸታለች። እናቷ የመጣች ይመስላታል። ትንሽ ታለቅስና አረሟን ትነቅላለች።

ሐምሌ ሲገባ ሰርዶ መደቡን ወረረው። ሰርዶ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? ሥሩ ማለቂያ የለውም። የፋሲካ ጣቶች ቆሰሉ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ገመድ እየዘለሉ «ነይ እንጂ» ይሏታል።

አባቷ አቶ ባዩ ሩዝ ያመርታሉ። አንድ ቀን ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማች። «የአረም መድኃኒት ረጨሁበት። አረሙን ያደርቀዋል፣ ሩዙን ግን አይነካውም።»

ፋሲካ አሰበች። «እንግዲያው ይህ መድኃኒት ክፉውን ከደጉ ይለያል።» አባቷ ገበያ ሲሄዱ የተረፈውን በጣሳ ቀድታ መደቡ ላይ ረጨችው። ከዚያ ገመድ ልትዘል ሮጠች። እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር በጣታችሁም እንዳትነኩ፤ መርዝ ነው።

በሳምንቱ አሪቲው አንገቱን ጠመዘዘ። በሶብላው ጠቆረ። ሰርዶው ግን ለምለም እንደሆነ ቆሞ ነበር። መድኃኒቱ ምኑን ያውቃል? የሚተወው የሣር ዘመድ የሆነውን ብቻ ነው። ሩዝ የሣር ዘመድ ነው፤ ሰርዶም ሣር ነው። የእናቷ አትክልት ግን ሣር አይደለም።

እሑድ እናቷ ደወለች። «አሪቲዬ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው፣ እማ።»

«እሰይ። እዚህ ሐሳቡ ሲበዛብኝ እሱን ነው የማስበው። አንቺን ደግሞ ከአጠገቡ።»

ፋሲካ ስልኩን ለአባቷ ሰጥታ ወጣች። አሪቲውን ጠጋ ብላ አሸተተች። ደረቅ ገለባ ሸተታት። እናቷ ለሁለተኛ ጊዜ ጥላት የሄደች መሰላት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ሲጠራ ቀድማ አነሣችው።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። አሪቲሽን ገደልኩት። የአባባን መድኃኒት ረጨሁበት።»

እናቷ «አንቺስ?» አለች። «ዐይንሽን አልነካሽም? እጅሽን ታጥበሻል?»

ፋሲካ የጠበቀችው ቁጣ ነበር። ይህን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«አሪቲ ይተከላል። አንቺን ከየት አመጣለሁ? መዋሸትሽ ግን አስከፍቶኛል። በይ አሁን እትዬ ፋጡማ ዘንድ ሂጂ።»

እትዬ ፋጡማ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጎረቤት ናቸው። ገነት ዐምና ከአሪቲዋ ቆርጣ ሰጥታቸው ደጃቸው ተክለውት ነበር። ፋሲካ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«አዬ አንቺ ልጅ» አሉ። «ይሄ እኮ የእናትሽ ነው። እኔ ዘንድ በቅሎ ነው እንጂ።» ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጡላት።

አቶ ባዩ መድኃኒቱን ቆለፉበትና መርዝ ያልነካው ቦታ ቆፈሩላት። ፋሲካ ተከለች። ደረቅ ሣር አለበሰች፣ ፍግ አጎረሰች፣ አረሙን በጣቶቿ ለቀመች። ልጆቹ ሲጠሯት «ስጨርስ እመጣለሁ» ትላለች። ሁለቱ ቅርንጫፎች ደረቁ። አንዱ ግን ቅጠል አወጣ።

አያትየው ተሽሏቸው ገነት ለቡሄ ከሚኒባስ ወረደች። ፋሲካ ሮጣ ደረሰችና ፊቷ ቆመች። አፍራ ማቀፍ አልቻለችም።

«እማ፣ አንድ ብቻ ነው የበቀለው።»

ገነት የልጇን እጅ ያዘች። ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፣ ደግማም አሸተተች።

«እኔን እኔን ትሸቻለሽ» አለችና አቀፈቻት።

ልጆቼ፣ አደራ የተቀበለ በትዕግሥት ይጠብቅ፤ ቢያጠፋም ሳይደብቅ ይናገር።