የሻንጣ ዝምድና ማረጋገጫ

«የኔ ልጅ፣ ስንት ነው የሚሰጠው?»

ሰውየው የዳቦ ዋጋ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ልዩነቱ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ብቻ ነው። ቶነር ከኮምፒውተሩ ቀና አለች።

«ለማን?» አለችው፣ እያወቀች።

በአገጩ ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው መስኮት ጠቆማት። «ለእሱ ነዋ! ትንሽ ብሰጠው ይሰድበኛል፤ ብዙ ብሰጠው ይለምድብኛል። ከራሱ በላይ ደግሞ ‹ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው› የሚል ተለጥፏል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ፓስፖርቱ ውስጥ ነው የሚሸጎጠው ወይስ በእጅ ነው?»

ቶነር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው ጉቦ አሰጣጥ እንድታስተምረው ፊቷ ቆሟል፤ ያውም በጨዋ ደንብ፣ ኮፍያውን አውልቆ። 

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ናቸው። ጣቶቿ ቶነር ከሚባለው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጥቁር የቀለም ዱቄት ስለማይጠሩ ድንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ቶነር» ይላታል። እናቷ ከድንበሩ በር አሥር እርምጃ ላይ፣ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ በቆመች ኮንቴይነር ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ቅጽ ትሞላለች። ቶነር ትምህርት በሌለ ጊዜ ትጽፋለች፤ አሁን ዕረፍት ስለሆነ በየቀኑ እዚያው ናት። ደግሞም ትዋሻለች። ለክፋት አይደለም፤ ለጨዋታ ነው። አንዱን የጭነት መኪና ሾፌር «የዚህ ድንበር ሰልፍ ተላጭቶ የገባን ሰው ጺሙን አንጠልጥሎ ነው የሚያስወጣው» ብላ አስደንግጣዋለች። አንዲት መንገደኛ ደግሞ በሩ ላይ የተኛችውን ድመት አይታ «የማን ናት?» ስትል፣ «የወዲያ ማዶ ድመት ናት፤ ቪዛዋ አልቆባት ነው እዚህ የቀረችው» አለቻት። ሴትየዋ ለድመቷ ብስኩት ገዛችላት።

መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ጨዋታ አያውቅም። «አውራ ጣት» ይሉታል። አንድ ገጽ በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ያሳርፋል፤ ያረጥባል፤ ይገልጣል። ከእሱ እጅ የወጣ ፓስፖርት እርጥብ ነው። ሰው ፓስፖርቱን ተቀብሎ «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ዞር ሲል በሱሪው ይጠርገዋል። ጠረጴዛው ሥር አንድ መሳቢያ አለ፤ በጉልበቱ ነው የሚከፍተው። ያ መሳቢያ አፍ ነው። ሳይጠራ ይከፈታል፣ ሳይጎርስ አይዘጋም።

አሁን ግን ቶነርን ያቅለሸለሻት እሱ ብቻ አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አውራ ጣት አንዱን መንገደኛ «የፓስፖርትህን ባዶ ገጾች ኮፒ አምጣ» ብሎ መለሰው። ባዶውን! ሰውየው ሃያ ስምንት ነጭ ወረቀት ኮፒ አስነሥቶ ሄደ። ቶነር ሳቋ አልበርድ ሲላት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ አንድ ቅጽ ፈለሰፈች።

«የሻንጣ ዝምድና ማረጋገጫ ቅጽ። አንደኛ፣ የሻንጣው ሙሉ ስም እስከ አያት። ሁለተኛ፣ ሻንጣው ከተጓዡ ጋር ያለው ዝምድና፦ የሥጋ፣ የጋብቻ ወይስ የጉርብትና? ሦስተኛ፣ ሻንጣው የሚጓዘው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ ተገዶ? አራተኛ፣ ሻንጣው ከዚህ በፊት ድንበር ላይ አልቅሶ ያውቃል?»

ከሥር፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ይህን ጨመረችበት፦ «ይህ ቅጽ ቀልድ ነው። እስከዚህ ያነበበ ሰው ሻንጣውን አቅፎ ይሳም።»

ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣት እንደ ልማዱ ነጻ እስክሪብቶ ሊወስድ ገባና ወረቀቱ ፊት ቆመ። ቶነር ሳቁን ጠበቀች። ሳቅ የለም። ጣቱን አረጠበና ወረቀቱን ከግድግዳው ላጠው።

«ይሄ ከላይ የመጣ ነው?»

ውሸቷ ከአፏ ቀደማት። «አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው።»

«ግዴታ ነው?»

«ከግዴታም ግዴታ።»

በማግስቱ የመጀመሪያው መንገደኛ ላቡን እየጠረገ መጣና «የሻንጣ ዝምድና የሚባል ቅጽ እዚህ ነው አሉኝ» አለ። ቶነር ከወንበሯ ወደቀች፤ እናቷ ውሃ እስክትሰጣት ድረስ ሳቀች። በሁለተኛው ቀን ግማሹን ያህል ሳቀች። በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ቅጹን አስሞሏት። «የሻንጣው ዝምድና?» ስትላቸው፣ «ከሟች ባለቤቴ የቀረልኝ ነው» አሏት። «አልቅሶ ያውቃል?» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ «እሱ ምን ያለቅሳል፣ እኔ ነኝ እንጂ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቶነር ሳቅ የሚባል ነገር አልመጣላትም።

ቅጹ ግን ይሸጣል። የያዘ ሰው «ይረጋገጥ» ተብሎ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ መሳቢያው ይከፈታል። ያልያዘም ይከፈትለታል። ትናንት ደግሞ ቶነር የቅጽ ክምር ስትለይ አፏ ውስጥ የሆነ መራራ ነገር ቀመሰች። የቶነር ዱቄት ነበር። አውራ ጣቷን እየላሰች ኖሯል፤ ልክ እንደ እሱ። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሮጣ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች።

አሁን ፀጉር አስተካካዩ መልስ እየጠበቀ ነው። ከኋላው ሴት ልጁ ቆማለች። የቶነር እኩያ ናት፤ የትምህርት ቤት ልብሷ ላይ የብረቱ መስመር እንደ ምላጭ ተሰምሯል። እጇ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ፌስታል አለ፤ ውስጡ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ላጲስ።

«ሻንጣ የላችሁም እኮ» አለች ቶነር።

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት!» አለች ልጅቷ። «‹ሻንጣ የለኝም› አልኩት። ‹እስክሪብቶው ምን ውስጥ ነው ያለው?› አለኝ። ‹ፌስታል› ስለው፣ ‹ፌስታል ለሻንጣ የእንጀራ ልጁ ነው፤ ቅጽ አምጪ› አለኝ።»

«ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የነጻ ትምህርት ፈተና አላት» አለ አባትየው። «በዓመት አንዴ ነው። አራት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ንጉሥም ቢመጣ አይከፍቱም። አሁን ሦስት ከሩብ ሆነ። የኔ ልጅ፣ ስንቱን ልስጠው?»

ቶነር ቅጹን አንሥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሞልታ ብትሄድስ? ቢያልፉስ? ማን ምን ይሆናል?

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ ግን አልጻፈችም። ማንበብ ጀመረች።

«ሙይው እንጂ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ!» አለ አባቷ።

«መምህራችን ‹መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ብዕር እንዳታነሱ› ብለውናል» አለችና ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብላ ቶነርን አየቻት።

«ይሄ… ቀልድ ነው ይላል።»

 በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት መቶ ሰው ሞልቶታል፤ ስንት መቶ ጊዜ ማህተም ተመቶበታል። እስከ ታች ድረስ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው ይኸው፣ ፌስታል ይዞ ቆሟል።

«ማን ነው የጻፈው?»

ቶነር ውሸት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ፣ ረጅም፣ ጭራ ያለው ውሸት። ዋጠችው። «እኔ።»

«እና ለምን አትነግሪውም?»

ከማሽኑ ጀርባ እናቷ ብቅ አለች። «ምን ብላ ትነግረዋለች? ዝም በይ አንቺ ልጅ!» ይህን ያለችው ለቶነር ነው። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ልጅ ናት፤ ለጨዋታ ብላ ነው።»

«መመለጡን እንኳ እኛ ቀድመን እናውቃለን፣ እመቤቴ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሳይስቅ።

«እማዬ፣ አንብበሽው ነበር?» አለች ቶነር።

እናቷ የማሽኑን ክዳን አነሳች፤ ዘጋች። «እኔ ያላነበብኩት ወረቀት በዚህ ማሽን አልፎ ያውቃል?»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ታዲያ ምን ላድርግ? ይቺ ኮንቴይነር የቆመችው በማን ፊርማ ነው? በእሱ! ዛሬ ስትስቂበት፣ ነገ እኔና አንቺ ሻንጣችንን ይዘን መንገድ ላይ ነን። ያኔ ዝምድናችንን ማን ያረጋግጥልናል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቶነር በዚህ ቀልድ ትፈነዳ ነበር። አሁን ግን ያ የትናንቱ መራራ ነገር ምላሷ ላይ ተመልሶ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከሃያ ይላል። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ቅጹን ከፈተች። የመጨረሻዋን መስመር አጠቆረችና የፊደሏን መጠን ከስድስት ወደ ስልሳ ቀየረችው። ጉንዳኗ ዝሆን ሆነች፤ አራቱን ጥያቄዎች ገፍታ ወደ ጥግ አስገባቻቸው።

የእናቷ እጅ የማተሚያው ገመድ ላይ ነበር፤ መሰኪያውን ጨብጦ። ቶነር አየችው። የማተሚያ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አጓራ፤ ወረቀቱ ወጣ። ገመዱ አልተነቀለም።

«ኑ» አለቻቸው።

መስኮቱ ጋ አውራ ጣት ሦስቱንም ሳያይ እጁን ዘረጋ። «ቅጹስ?»

ቶነር ወረቀቱን አስገባችለት። ጣቱን አረጠበ። ወረቀቱን ያዘ። ከዚያ ዓይኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመሩ። ይህ ሰው ሲያነብ አይታው አታውቅም።

ከኋላቸው የቆመ ወፍራም ሾፌር አንገቱን አስግጎ ነበር፤ ፊደሉ ደግሞ እንኳን ለእሱ ለማዶም ይታያል። ጮክ ብሎ አነበበ። «ይህ ቅጽ… ቀልድ ነው? እስከዚህ ያነበበ ሰው…» በእጁ የያዘውን የራሱን ቅጽ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ከታች ፈለገ። አገኘው። «ኧረ ጉድ! እኔ ለሻንጣዬ አያት ፈልጌለት ነው የመጣሁት!»

ሳቁ በሰልፉ ውስጥ እንደ ክብሪት ተያያዘ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። አፉ ውስጥ ትል ያገኘ ሰው ሲተፋ የሚያሰማው ዓይነት ነበር።

አውራ ጣት ቶነርን አያት። «ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ከላይ መጣ ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።» በጣቷ ልጅቷን አሳየችው። «እሷ ፈተና አላት። በሩ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

መሳቢያው በግማሽ ተከፍቶ ነበር። ጉልበቱ ተንቀሳቀሰና ዘጋው። ሰልፉ ሁሉ ያያል፤ ፀጉር አስተካካዩም ኪሱ ውስጥ የከተተውን እጁን አላወጣም። አውራ ጣት ሁለቱን ፓስፖርት ሳበ፤ ጣቱን ወደ ምላሱ አነሳ፤ ከሰልፉ አንዱ «እፍ!» ሲል እጁን መለሰ። በደረቁ ገልጦ ማህተሙን መታ።

«ሂዱ።» ከዚያ ወደ ቶነር ዝቅ ብሎ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ የኮንቴይነሩን ፈቃድ ይዛ ከሰዓት በኋላ ትምጣ።»

አባትና ልጅ በሩን አልፈው ሮጡ። ልጅቷ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፤ ዞረች። ፌስታሏን ወደ ደረቷ አስጠግታ እቅፍ አደረገችውና ሳመችው። ከዚያ እንደገና ሮጠች።

ቶነር ስትመለስ እናቷ የፋይል ሳጥኑን ዘርግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የኮንቴይነሩን ፈቃድ እየፈለገች ነው።

«ከሰዓት ነይ ብሎሻል» አለች ቶነር።

«ሰምቻለሁ። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።» እናቷ ቀና አላለችም። «ያንን ወረቀት ለእሱ ሰጥተሽው መጣሽ?»

«አዎ።»

«ኮፒ ሳታስቀሪ? ስንት ዓመት ነው ይሄን ሥራ የማስተምርሽ?»

 እናቷ ፈቃዱን አገኘችው፤ በክንዷ አቧራውን ጠረገችለት። 

ውጭ ሰልፉ አሁንም አለ። ጫፉ ላይ ያሉት ሳቁን እንጂ ነገሩን አልሰሙም፤ ቅጻቸውን እንደያዙ ናቸው። አንዷ ሴትዮ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ «በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን ታሰምርበታለች። ቶነር ከባለ ትልቅ ፊደሉ ቅጽ አርባ ቅጂ አዘዘች። ማሽኑ አንድ በአንድ ተፋቸው፤ ሙቅ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ።

አነሳቻቸው። አውራ ጣቷ ሳታዘው ወደ አፏ ግማሽ መንገድ ሄደ። አየር ላይ አቆመችው። ጥቁር ነበር። በቀሚሷ ጠረገችው፤ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ጫፉን በደረቅ ጣት ይዛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መለየት ጀመረች። ጊዜ ይወስዳል። አርባኛው ሲለይ ክምሩን ይዛ በሩን ከፍታ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደች።