የሁዪ ራት

«አልበላም አልኩህ እኮ።»

«ትበላለህ። ሰዉ የሚመጣው ለዛች ሳህን ነው።»

«ራስህ ብላው ታዲያ፣ ጋሼ።»

«በዚህ ፂም?» አለ የዜካይ አጎት ቦሎንግ። በሙጫ የለጠፈው ቀይ ፂም አንደኛው ጎኑ ላይ ተላቆ ይወዛወዛል። የድሮ የሆላንድ ወታደር መሆኑ ነው። ኮቱ ግን የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ነው የሚያስመስለው።

ዜካይ አስራ አራት ዓመቱ ነው፣ ሥራው ደግሞ መብላት ነው። ሲሰሙት የሚያስቀና ሥራ ይመስላል። አጎቱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ለጉብኝት የመጡ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ይሰበስብና፣ ሆላንዶች ከሠሩት ከቀዩ ምሽግ ጀምሮ በወደቡ ሰፈር በአንፒንግ ጠባብ መንገዶች እያዞረ የሙታን ታሪክ ያወራል። ደም የለበትም፣ የተቆረጠ አንገት የለበትም፤ ልጆች ስላሉ ለስለስ ያለ ነው። መጨረሻው ጎረቤታቸው እማማ ጻይ በር ላይ ነው። እዛ ሲደርሱ ደጃፉ ላይ እጣን እየጨሰ፣ ለሙት የወጣው የምግብ ሳህን ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ በደስታ ይንጫጫሉ። ዜካይ በጓሮ በኩል ቀድሞ ሮጦ ጠርጎ በልቶታላ።

የዚህን ደጃፍ ታሪክም የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። አንድ ቀን ዝናብ መጣና ምሽጉ ተዘጋ፤ እማማ ጻይ በር ላይ ተጠለሉ። አጎቱ የሚያወራው ጠፍቶት መንተባተብ ሲጀምር፣ ዜካይ አፉ ላይ የመጣለትን ለቀቀው። የእማማ ጻይ ልጅ ሁዪ በዓሣ ጀልባ ወጥቶ ባሕር ላይ መቅረቱ እውነት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አመሻሽ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሞ «እማ፣ ራቴስ?» እያለ ያለቅሳል የሚለውን ግን ዜካይ ከሆዱ ነው ያወጣው። ሰዉ አጨበጨበ። አንዷ እናት እንባዋን ጠረገች። ዜካይ በዛ ቀን መሬት አልበቃችውም።

በማግስቱ ምግብ የሞላ ሳህን እዛው ደጅ ወጥቶ አገኙ። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር፣ ሙታን ወጥተው የሚዞሩበት ነው፤ በዚህ ወር ሰዉ ሙት የሚለውን ቃል አይጠራም፣ «ደጋግ ወንድሞች» ነው የሚለው። ሁሉም ቤት ለደጋግ ወንድሞች ደጅ ላይ ምግብ ያወጣል። ዜካይ የእማማ ጻይም እንደማንኛውም ቤት መሰለውና ምንም አልጠረጠረም። እስከ ዛሬ ከሰዓት።

ከሰዓት እናቱ የሽሪምፕ ጥብስ ለእማማ ጻይ አድርስ ብላ ላከችው። ገባ። ግድግዳው ላይ፣ ለሞቱ የቤት ሰዎች ምግብ በሚቀርብበት መደርደሪያ፣ የባላቸው ፎቶ አለ፣ ጎኑ የሁዪ ፎቶ አለ። ባላቸው ፊት አንድ ሳህን ሩዝ ተቀምጧል። ሁዪ ፊት ምንም የለም።

«የሁዪስ?» አለ ዜካይ። ዝም ማለት መቼም አያውቅበትም።

«ወጥቷል አሉ።»

«ማን አለ?»

«አንተ ነሃ። የኔ ግድግዳ ስስ ነው፣ ሁሉን ያሰማል።» እማማ ጻይ ጥብሱን ተቀብለው ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱት። «እኔ እዚህ አባቱ ጎን ቁጭ ብሎ የሚበላ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደጅ ነው የቆመው፣ ሰው እንደሌለው። ስለዚህ አወጣሁለት። ከማያውቃቸው ጋር እየተጋፋ ይብላ እንግዲህ።»

ዜካይ ሁዪ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

«ደግሞ ይበላል» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩት። «ትናንት ዓሣ ጠበስኩለት። እሾሁን ብቻ ነው ያስቀረልኝ።»

ያ ዓሣ የት እንደገባ ዜካይ በደንብ ያውቃል። ጣቱን ሁሉ ነበር የላሰው።

ሼም ይዞት ያውቃል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ ሲንጠራራ ሱሪው ተቀዶ ክፍሉ በሙሉ ያሽካካ ቀን ሼም ይዞት ነበር። ያኛው ግን ሱሪ ሲቀየር ለቀቀ። ይሄኛው ምኑ ተቀይሮ ይለቃል? የቤት ሰው እኮ ቤት ነው የሚበላው። ደጅ የሚበላው ማንም የሌለው ነው። ዜካይ ለጭብጨባ ብሎ፣ እናት ልጇን በገዛ እጇ ከቤት እንድታስወጣ አደረገ። ያወጣችለትንም ቀምቶ በላ።

ከዛ እየበረረ አጎቱ ጋ መጣ፣ ጭቅጭቁም ተነሳ።

«እሺ፣ አልበላህም እንበል» አለ ቦሎንግ ፂሙን እየተጫነ። «ሄደህ ልትነግራቸው ነው?»

«አዎ።»

«ምን ብለህ? አሁን ቢያንስ ልጄ ጠግቧል ብለው ይተኛሉ። ያንን ልትነጥቃቸው ነው? ለማን ብለህ? አንተን እንዲቀልህ ነው እንጂ ለሳቸው አይደለም።»

አጎቱ ቀልደኛ ነው፣ አንዳንዴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ይናገርና አፍ ያስይዛል።

ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ቦሎንግ ጎራዴውን ታጥቆ ሄደ። ዜካይ እንደልማዱ በጓሮ ሮጠ፣ ሮጠና እማማ ጻይ በር ላይ ቁጢጥ አለ። ሳህኑ አለ። ሩዝ፣ ከላዩ የተጠበሰ ዓሣ፣ ገና ትኩስ። ሆዱ ጮኸ። ሆድ ሼም የሚባል ነገር አያውቅም።

ሳይነካው ቁጭ አለ። የሰዎቹ ድምፅ ሲቀርብ እንኳ ተነስቶ አልተደበቀም።

«…እናም ምስኪኑ ሁዪ» ሲል ቦሎንግ ደረሰና ሳህኑን አየ። ሙሉ ነው። ዜካይንም አየው። «ምስኪኑ ሁዪ… ዛሬ ሳይጠግብ አልቀረም።»

ሰዉ ሳቀ። የሚያበራ የመጫወቻ ዱላ የያዘች አንዲት ትንሽ ልጅ ግን አልሳቀችም።

«የአክስቴ ልጅ ባዶ ነው የሚሆነው ብላኝ ነበር» አለች። «ለምን አልበላም?»

ዜካይ ተነሳ።

«ሁዪ ደጅ ሆኖ አያውቅም» አለ። «እኔ ነኝ ፈጥሬ ያወራሁት። እሱ ቤቱ ነው ያለው፣ አባቱ ጋ።»

አንዱ አባት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ቦሎንግ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ፂሙ ይሄኔ ሙሉ በሙሉ ወድቋል፣ ግን ማንም ልብ አላለውም።

«ታዲያ በፊት በፊት ማን ነበር የሚበላው?» አለች ልጅቷ።

ውሻ ነው ቢል ያልቃል። ድመት ቢልም ያልቃል። ሰፈሩ ድመት በድመት ነው።

«እኔ።»

የእማማ ጻይ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡና፣ ሰዉን አንድ በአንድ አይተው ዓይናቸውን ዜካይ ላይ አሳረፉ።

«እማማ» አለ ዜካይ። ፊቱ እንደ ምሽጉ ጡብ ቀልቷል። «ራቱን የበላሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም። የትናንቱን ዓሣም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱን ወደ ውስጥ ይመልሱት።»

እማማ ጻይ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አነሱ።

«የኔ ሁዪ ዓሣ ያጠምድ ነበር እንጂ ባፉ አይዞርም ነበር» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅህ ነው፤ ግባና ሳህን እጠብ።»