በር የምትይዘው ልጅ

«እና ልጄን ሊወስድ የሚመጣው ቀሚስ ለብሶ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አልጋው ላይ የተዘረጋውን ባለ ቀይና አረንጓዴ መስመር ጉርድ በሁለት ጣታቸው አንስተው እያዩ።

«ኪልት ነው የሚባለው፣ እማዬ» አለች የሻረግ ሳቋን እየታገለች። «ስኮትላንድ ውስጥ ወንድ የሚሞሸረው በዚህ ነው።»

«ከሥሩስ?»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

ታላቅ እህቷ፣ ሙሽራዋ እልፍነሽ፣ የጉርዱን ማሰሪያ ልታጠብቅ መርፌ በጥርሷ ነክሳ ስለነበር በአፍንጫዋ ብቻ ሳቀች። በዚያ በሚያዝያ 1974 ዓ.ም. ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ሳቅ አይጠፋም ነበር። ሙሽራው ኢያን በተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅት የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ነው። እህቱ ሞራግና የአጎቱ ልጆች ከአገራቸው መጥተው ከወይዘሮ ሸዋረጋ ጋር ስለ ሰርጉ ወግ ሲደራደሩ ሰንብተዋል። የእነሱ ወግ ብዙ ነው፤ የሙሽሮቹ እጅ በባለ መስመር ጥብጣብ ይታሰራል፣ ሁለት እጀታ ካለው የብር ዋንጫ ተራ በተራ ይጠጣል፣ ለመልካም ዕድል የፈረስ ጫማ ብረት በስጦታ ይሰጣል፣ የቆዳ ከረጢት እየነፋ ሙዚቃ የሚጫወት ሰውም ይኖራል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ሁሉንም በጣሊያንኛ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ይሁን፣ እያሉ ካሳለፉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ የሙሽራዋ ወገን በር ይይዛል፤ ሳይለመን አይከፍትም። «ያለዚያ ሰርግ አይባልም» አሉ።

የሻረግን ያበገናት ይኸው በር ነው። ሚዜ የሆነችው የእልፍነሽ የሥራ ጓደኛ አብረኸት ናት። «አንቺ በር ትይዣለሽ፣ እሺ?» ብላ ነበር እልፍነሽ፣ ቀና እንኳ ሳትል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት በር ያዥ! ያን የሚያደርገው ማንም የጎረቤት ልጅ ነው። አኮረፈች፤ ማኩረፏን ግን ከሞራግ በቀር ያየላት አልነበረም።

ሞራግ ወደ ጄላቴሪያ፣ አይስክሬም ቤት፣ ወሰደቻት። እዚያ ከቦርሳዋ የእሾህ አበባ ቅርጽ ያለው የብር መርፌ ቁልፍ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችላት።

«የቤታችን ሴቶች የሚያደርጉት ነው» አለቻት በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች። የሻረግ በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት የተማረችው እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም አይባልም። «አሁን አንቺም የእኛ ነሽ። ስለዚህ ምስጢር እነግርሻለሁ። አርብ ሙሽራዋን ሳታስበው እንይዛታለን። እጇን አስረን ጥላሸት፣ ዱቄት፣ እንቁላልና ጥቁር የስኳር ዝቃጭ እናፈስባታለን፤ ከዚያ ድስት እየደበደብን በመንገድ እናዞራታለን። ይህን የቻለች ትዳርን ትችላለች። እኔም አልፌበታለሁ።»

«ኢያን ያውቃል?»

«እሷን ተዉአት ብሏል። ወንዶች ሁሌ እንደዚያ ነው የሚሉት። አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺልን።»

የሻረግ አይስክሬሟን መላስ አቆመች።

የእህቷንና የበርን ነገር ታውቃለች። አዲስ አበባ በነበሩ ጊዜ፣ በቀይ ሽብር ወቅት፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በራቸው ተንኳኳ። «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» አለ የታላቅ ወንድማቸው የሳህሉ ጓደኛ። ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። እልፍነሽ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እጇን እየጠረገች ሄዳ ከፈተችለት። ከጀርባው የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። ሳህሉን እጁን በገዛ ቀበቶው የፊጥኝ አስረው፣ ጉርሻውን ሳይውጥ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የሻረግ ትምህርት ቤት ነበረች። ስትመለስ ያገኘችው የቀዘቀዘ ወጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ እልፍነሽ በር አትከፍትም። ሮም መጥተው እንኳ ደወል ሲጮህ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የምትከፍተው የሻረግ ናት። ወይዘሮ ሸዋረጋ ደግሞ ኀዘናቸው ሲነሳባቸው፣ ወይም ወጡ ሲያርባቸው፣ «የከፈትሽላቸው አንቺ ነሽ» ይሏታል። እልፍነሽ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

ጨዋታ እኮ ነው፣ ብላ አሰበች የሻረግ። ያ አዲስ አበባ ነው፣ ይህ ሮም ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደረቷ ላይ ያለውን የብር እሾህ አበባ በጣቷ ዳበሰች።

«ኦኬ» አለች።

አርብ ከምሳ በኋላ እልፍነሽ ነጩን ቀሚሷን ስትተኩስ ደወሉ ጮኸ። ካውያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

የሻረግ እጇ መወርወሪያው ላይ ነበር። «አብረኸት ናት» አለችና ከፈተች።

ሞራግና የአጎት ልጆቿ ድስት እየደበደቡ፣ እየጮኹና እየሳቁ ገቡ። እልፍነሽን ከጓዳ ጎትተው አወጧት። ዱቄቱ ሲፈስባት ዓይኗን ጨፈነች። እንቁላሉ ሲሰበርባት በክንዷ ፊቷን ከለለች። አንዱ የአጎት ልጅ እጇን ወደ ኋላ ጠምዝዞ በጥብጣብ ሲያስራት ግን ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«እሱ የለም» አለች በአማርኛ። «እባካችሁ፣ ወንድሜ እዚህ የለም። ምሳውን በልቶ ወጥቷል። እናቴ ትሙት፣ የለም።»

ሙሽራዋ የምትራገም መስሏቸው ይብስ ሳቁ። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መሀል የምትለው የገባት አንድ የሻረግ ብቻ ናት። «ባስታ! ተዉአት!» ብላ ጮኸች፤ የድስቱ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው። ሞራግ እንዲያውም በኩራት ጠቀሰቻት።

ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በተዋሱት የእጅ ጋሪ አስረው አዞሯት። ቡና ቤት የነበሩት አበሾች ወደ ደጅ ወጥተው፣ የሚያዩት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቆሙ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከሥራ ሲመለሱ ከአውቶቡስ የወረዱት ልክ ጋሪው ሲያልፍ ነው። ልጃቸውን የለዩዋት በጫማዋ ነበር።

ኢያን ወሬው ደርሶት ሮጦ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እልፍነሽ በተዘጋው በር ውስጥ ሆና «ሂድ» ብቻ አለችው። የእሁዱ ሰርግ ይኑር አይኑር ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም።

እናትየው ገንዳው ውስጥ አስቀምጠው ፀጉሯን ሲያጥቡላት ዝቃጩ አልለቅ አላቸው።

«ማነው የከፈተላቸው?» አሉ ድንገት።

«እኔ» አለች በራፉ ላይ የቆመችው የሻረግ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ ፀጉሩ ተመለሱ። «ልጅ ናት እንግዲህ። ምን ታውቃለች።»

እልፍነሽ ከውሃው ውስጥ ፊቷን አነሳች። «እኔም ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ።»

የእናትየው እጅ ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። ተነስተው ወጡ፤ ፀጉሩን የጨረሰችው እልፍነሽ ራሷ ናት።

ቅዳሜ ሞራግ ከአገሯ ያመጣችውን ብስኩት በቆርቆሮ ላከች፤ «እንዴት ደስ የሚል ቀን ነበር!» የሚል ካርድ አለበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የሻረግ ቆርቆሮውን ከደበቀች በኋላ እህቷ እግር ሥር ሄዳ ቁጭ አለች።

«እልፌ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አላሰብኩም።»

«እኔም አላሰብኩም ነበር» አለች እልፍነሽ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «አሁን እኩል ነን። ልዩነቱ አንቺ ያስወሰድሻት ሰው መመለሷ ነው።»

የሻረግ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

እሁድ ረፋድ ላይ እልፍነሽ ማንም ሳይነግራት ነጩን ቀሚሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልትሄድ ይሁን ልትቀር ከፊቷ አይነበብም። የቆዳው ከረጢት ሙዚቃ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ። ቤቱን የሞሉት ሴቶች እልል ብለው ወደ በሩ ሄዱ፤ ዘፈኑም ጭብጨባውም ቀለጠ።

«የሻረግ፣ በሩን ያዢ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ያዘች። ከውጭ ለመኑ፣ ከውስጥ እምቢ አሉ፤ ደግመው ለመኑ። ከዚያ ሞራግ ከሁሉም በላይ ጮኻ ስሟን ጠራች።

«የሻረግ! እኔ ነኝ፣ ክፈቺልን!»

«በቃ፣ ተለመንን፤ ክፈቺላቸው» አሏት ሴቶቹ እየሳቁ። ወጉም እንደዚያ ነው። ተለምኖ ይከፈታል።

የሻረግ የበሩን ቁልፍ አዙራ ቆለፈችና ነቀለችው። ሴቶቹ ጭብጨባቸው ሲቀዘቅዝ በመሀላቸው አልፋ እህቷ ወዳለችበት ገባች። የብሩን እሾህ አበባ ከደረቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ቁልፉን የእልፍነሽ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ማነው በሩ ላይ ያለው?» አለች እልፍነሽ።

«ሞራግ ናት» አለች የሻረግ። «ያ እጅሽን ያሰረው ልጅም አለ። ኢያን ከኋላቸው ቆሟል። ሌላ ማንም የለም።»

እልፍነሽ ቁልፉን አየችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

የሻረግ ተመልሳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ማንኳኳቱ ትከሻዋ ላይ ይሰማታል። እናቷ «ምን ሆንሽ? ክፈቺ እንጂ!» አሏት። «ቁልፉ እልፌ ጋ ነው» አለች፤ ከበሩም አልተንቀሳቀሰችም።