አምስተኛው ጠያቂ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ፊቱ ወደ ነጩ ሰሌዳ ዞሯል፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ የተፈታኙ መልስ አሰልችቶት ሸለብ ያደረገው ይመስላል። በዚያ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ወንፊቱ» ነው የሚለው። ሥራ ፈልገው ከሚመጡት መቶ ሰዎች ዘጠና ስምንቱን አንጓልሎ የሚጥል፣ በመጣሉም የሚደሰት ሰው ነበር። እንግዲህ ሞተ፤ ግቢው ውስጥ ግን አንድ እንባ ያወጣለት አልተገኘም።

መርማሪዋ ጥሪው የደረሳት ጥርሷን ልታስነቅል ወረፋ ላይ ሳለች ነው። ጉንጯ አብጦ፣ በሰውም በጥርሷም ተናድዳ ገባች። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ አንዴ «ለምን?» ብላ ከጀመረች መላቀቂያ የለማ።

የፖሊስ አዛዡ በሩ ላይ ጠበቃት። ነገሩ ያለቀለት ነው ባይ ነው። መርዙ የተገኘው በሰሌዳው መጻፊያ፣ በቀዩ ማርከር ክዳን ላይ ነው፤ ወንፊቱ ተፈታኝ ሲጨነቅ እያየ ክዳን የማኘክ ልማድ ነበረው፣ ያውም የቀይ ብቻ። ክፍሉ ውስጥ አብሮት የነበረው ተፈታኙ ብቻ ነው። ይኸው ተፈታኝ ከሦስት ዓመት በፊት መጥቶ፣ ይኸው ወንፊት ጥሎታል። ቂም ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሳይመሽ ወደ ጣቢያ እንውሰደው አለ።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው፣ ጉንጯን ይዛ።

ተፈታኙ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አዲሱ ሸሚዙ ላይ የማሸጊያው እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። ስድስት ወር ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል፤ ሚስቱ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። ዛሬ እጁ ላይ ካቴና ከገባ ልጁን የሚያየው በእስር ቤት አጥር በኩል መሆኑን ያውቀዋል። አፉ ግን አልዋሸም።

«እጠላዋለሁ» አላት። «ዛሬ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጥዬ ልወጣ ነበር። ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልገደልኩትም።»

«እሱ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?»

«ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ ለማንም አይነገርም። ባውቅ ኖሮ እግሬ ይቺን ደጅ ባልረገጠ።»

የቤቱን አሠራር የነገረቻት የፈተናው አስተባባሪ ናት፤ መሐረቧን እያጨማደደች። ተፈታኝ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ክፍል አይወጣም፤ አምስት ጠያቂዎች በየሰዓቱ እየተፈራረቁ ይገቡበታል። እያንዳንዱ ሲጨርስ ሰሌዳውን ከነማርከር ማስቀመጫው ፎቶ ያነሳል፣ ይጠርጋል፣ ሪፖርቱን ጽፎ ከነፎቶው ይልካል። የራሱን ሳይልክ የሌላውን ማየት አይችልም። የዛሬውም ሁሉ ነገር በፕሮግራሙ ነው የሄደው አለች።

መርማሪዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት ስታይ፣ አምስተኛው ስም ላይ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ተደርቦበታል። በጥፍሯ ፈልፍላ አነሳችው። ሥሩ የሌላ ሰው ስም አለ።

«ይሄስ?»

አስተባባሪዋ ያኔ በለቅሶ ፈነዳች። በዕለቱ ጠያቂ መለወጥ ክልክል ነው፤ ከታወቀ እንጀራዋ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው በጣም ለመናትና ወንፊቱን አስገባችው። የለማኙንም ስም በጆሮዋ ነገረቻት። መርማሪዋ ቀጥላ ስለ ማርከሮቹ ጠየቀቻት። ቀይ ከመጋዘን ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፣ ጠዋት ያስቀመጠችው ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ ጠያቂ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፤ ሐዘን ለማስመሰል እንኳ አልደከመችም። የምትፈልጋቸውን አምስት ሰዎች በተከታታይ ጥሎባታል። «ደስ ብሎኛል» አለች ቁርጥ አድርጋ። «ግን እኔ ብሆን ከአለቆቹ ፊት አዋርጄ ነበር የማባርረው፤ መሞትማ ቀላል ነው።» መርማሪዋ ይህችን ሴት ወደደቻት።

አራተኛው፣ ከወንፊቱ በፊት የገባው፣ «ዝምተኛው» የሚሉት ባለሙያ ነው። ቀጭን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያው የኖረ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ቃል ሲሰጥ ቆይቶ፣ ስለ ተፈታኙ ሲነሳ ግን ምላሱ ተፈታ። «ያሳዝናል፤ ግን አይፈረድበትም። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንፊቱ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠርጎ ‹ሂድ፣ ቤትህ ተኛ› ነው ያለው። ያንን ማን ይረሳል?»

«ማንም አይረሳም» አለች መርማሪዋ። አመስግናው ወጣችና ሪፖርቶቹን አስመጣች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ሰሌዳው ላይ የተፈታኙ ያልተጨረሰ ጽሑፍ አለ።

«ከማርከሩ እንጀምር» አለች። «ይህ የኃላፊዋ ፎቶ ነው። ማስቀመጫው ላይ ጥቁርና ሰማያዊ አለ፣ ቀይ የለም። ይህ ደግሞ የዝምተኛው፣ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተነሳ። ቀዩ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ቀዩ የገባው በአራተኛው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

አዛዡ ተፈታኙን አየው። «አላልኩም?»

«ቆይ። ይህ ልጅ ለወንፊቱ መርዝ ይዞ ለመምጣት፣ ወንፊቱ እንደሚገባ ማወቅ ነበረበት። ለተፈታኝ አይነገርም። ወንፊቱም ቢሆን እዚህ የተመደበው ዛሬ ጠዋት ነው። ለማይመጣ ሰው መርዝ በኪሱ ይዞ የሚዞር አለ? ለውጡን የለመነው ዝምተኛው ነው።»

አስተባባሪዋ አንገቷን ደፋች።

«ሌላም አለ። ስለዚያ የድሮ ቀን መዝገቡ የሚለው ‹አላለፈም› ብቻ ነው። ስለ እጅጌውም፣ ስለ ‹ቤትህ ተኛ›ም የተጻፈ የለም። ይህንን የሚያውቅ፣ በቦታው የነበረ ሰው ነው። አስተባባሪዋን ጠየቅኳት። አዲስ ጠያቂ ሥራውን እንዲማር ጥግ ይዞ በዝምታ ይቀመጣል አለችኝ። ያን ቀን ጥግ የያዝከው አንተ ነህ።» ወደ ዝምተኛው ዞረች። «ግን ፎቶውን ለምን ላክኸው? ማስቀመጫውን ቆርጠህ ማስቀረት አትችልም ነበር?»

ዝምተኛው ሳይታሰብ ሳቀ። «ልማድ ነው። ሁለት መቶ ጊዜ አንስቼ ልኬአለሁ። እጄ እኔን አልጠየቀኝም።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። በእናት የምትገናኘው እህት ነበረችው፤ የአባት ስማቸው ስለማይገጥም ዝምድናቸውን ያወቀ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ተፈተነች። ወንፊቱ ሥራሽ አይረባም ብሎ ጣላት፤ ሰሌዳዋን ግን ፎቶ አንስቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ የእሷ ሥራ በእሱ ስም ወጣ፣ ሹመትም አገኘበት። አቤት ብትል ድርጅቱ በጠበቃ አስፈራራት፤ ሰው አበደች አላት። አልጋ ያዘች፣ በዓመቷ ቀበሯት።

«የተሾመ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አጨብጭቤለታለሁ» አለ። «እነዚህ ሁለት እጆቼ። የዚያን ቀን ነው የማልኩት። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሲያጣጥር ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል። አልጸጸትም።»

ኃላፊዋ ዓይኗን ሰበረች። መርማሪዋም ብትሆን ለሟቹ ያዘነችው ነገር አልነበረም፤ እህቷን እንዲህ ያደረጉባት ቢሆን ምን እንደምታደርግ አስባ ፈራች።

«ስለ እሱ ዳኛ ይፍረድ» አለችው። «ይህንን ልጅስ ለምን?»

«ቂም ያለው ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ስሙን ከተፈታኞቹ ዝርዝር ላይ ሳይ አስታወስኩት።»

ተፈታኙ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አስታወስኩህ» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔ ጥግ ላይ ነበርክ። ሲያዋርደኝ እንደ ሰው ዓይኔን ያየኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አንድ ደግ ሰው እንኳ ነበር› እያልኩ ለሚስቴ ሳወራላት ነው የኖርኩት።»

«ይቅር በለኝ» አለው ዝምተኛው።

«እሱን እረሳዋለሁ» አለ ተፈታኙ። «ሞቷል። አንተን ግን ይቅር አልልህም።»

ኮቱን አንስቶ ወጣ። የከለከለው የለም። አዛዡ ካቴናውን ሲያስገባለት ዝምተኛው እጁን በፈቃዱ ዘረጋ፤ ስለ እህቱ ሲናገር ቀና ብሎ የነበረው ራሱ ግን እስከ መኪናው ድረስ አልተነሳም።