የዓርብ ክኒን

«ልጄን እግሩን አስገልጦ ለትንኝ ያስበላው እሱ ነው!» አለች ተናኜ ጣቷን ወደ ደሳለኝ ቀስራ። «በሳጥን ካኖራት ከዚያች ጥንቸል ለይቶ አላየውም። ደሙን ቀዳ፣ ቀዳና ሲያልቅ አፈር አለበሰው።»

«ክኒኑን በየዓርቡ ሰጥቼዋለሁ» አለ ደሳለኝ ቀና ሳይል። «እፊቴ ነው የዋጠው። የሞተው መድኃኒቱ ስለተሸነፈ ነው። የቆቦ ወባ ክሎሮኪንን ለምዶታል።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አምባው አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ የወባ ጥናት ባለሙያውን አየ። የተናኜ ልጅ አላምረው ከተቀበረ ገና አርባው አልወጣም። «እንግዲህ ነገ ሸንጎው ይሰማችኋል» አለ ኮፍያውን እያነሳ። «የሚያውቅ ምስክር ያለው ይዞ ይቅረብ።»

ውቢት ከእናቷ ኋላ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት የበር መቃን ተደግፋ ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ወንድሟን ወባ እንደገደለው ታውቃለች። መድኃኒቱ እንዳልተሸነፈ ግን ታውቃለች፤ ደሳለኝ የሰው ደም እንዳልሸጠም ታውቃለች። ክኒኑ የት እንደገባ ከእሷ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም። 

የጥናት ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ክረምት ጎርፉ ጥሎት ከሚሄደው ኩሬ አጠገብ ነው። የተተከለው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ ማግስት ነበር። ለጥናቱ የተመዘገቡት ፈቃደኞች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ትንኟ እግራቸው ላይ ስታርፍ በቀጭን የመስታወት ቱቦ በአፋቸው ስበው ይይዟታል። የተያዙት ትንኞች ከመረብ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ጀርባዋ የተላጨ ጥንቸል ደም እየጠጡ ይሰነብታሉ። በነጫጭ አይጦች ላይ ደግሞ መድኃኒት ይሞከራል። ተገዶ የገባ ሰው የለም። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው ደሳለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰብስቦ ነግሯቸዋል። «አደጋ አለው፤ አልዋሻችሁም። ስለዚህ በየሳምንቱ ክኒን ትውጣላችሁ። የምትውጡትም እፊቴ ነው። የጥናቱ ሕግ ነው።»

አላምረው ማታ ማታ ትንኝ ይይዛል፤ ቀን ጥንቸሎቹን ይመግባል። ሰፈሩ «የጥንቸል እረኛ» እያለ ሳቀበት። ተናኜም ጥንቸል እርኩስ ነውና በር ላይ ውኃ በጣሳ እያስቀመጠች «ሳትታጠብ መሶቤን እንዳትነካ!» ትለው ነበር።

«ጥንቸሏ ከጎረቤት ፍየል ትሻላለች፤ ሲላጯት እንኳ አትጮኽም» ይላል እሱ እየታጠበ።

ክኒን የሚታደለው ዓርብ ጠዋት ነበር። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። የውቢት ጓደኛ የኡሙሃኒ አባት ነጅሙዲን ክኒኑን እዚያው በውኃ ዋጥ አድርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አላምረው ግን «ጋሼ፣ ጾመኛ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እውጠዋለሁ» ይላል። ደሳለኝ ራሱ ጾመኛ ነው፤ በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የማያወራው ጾም። ልጁን ማስገደድ ከበደው። ክኒኑን እጁ ላይ አኖረለት። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አላምረው አልዋጠም። ውቢት የደረሰችበት በነሐሴ ነው፤ ክኒኑን በጋቢው ጫፍ ሲቋጥር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወሬኛ! ለእማዬ ነው። አምና መስቀል ሲያልፍ ወባው ሲጥላት ጤና ጣቢያው ምን አላት? ‹አልቋል› አይደል? ዘንድሮም ያልቃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ደሜ መራራ ነው። ትንኟ ቀምሳ ትተፋኛለች» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመና «እንደማትነግሪያት ማይልኝ» አላት።

«አልነግራትም።»

«እንዲህማ አይደለም። በደንብ ማይ።»

«አላምረው ይሙት፣ አልነግራትም» አለች ውቢት።

መስቀል አለፈ። ተናኜን እንደ ልማዱ ወባ ጣላት። ጤና ጣቢያውም እንደ ልማዱ «አልቋል» አለ። አላምረው ቋጠሮውን ፈታ። «ከወልድያ የመጣ ጓደኛዬ ሰጠኝ» ብሎ አዋጣት። ሳምንት ሳይሞላት ተነሥታ ማማ ላይ ወጥታ ከማሽላዋ ወፍ ማባረር ጀመረች። በጥቅምት እሱ ወደቀ። በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ሲወስዱት፣ መንገድ ላይ ያለችውን ሮቢትን እንኳ ሳያልፍ ሞተ።

ሊቀ መንበሩ አሰናብቷቸው ከቀበሌው ሲወጡ ተናኜ ወደ ቤት ሄደች። ኡሙሃኒ መንገድ ላይ ጠብቃ ውቢትን ያዘቻት።

«ምን ተባለ? ጋሼ ደሳለኝ ክኒኑ አይሠራም ብሎ ለአዲስ አበባ ሊጽፍ ነው አሉ።»

«ነው መሰለኝ።»

«ከዚያ ማደል ያቆማሉ፣ አይደል? አባቴ ምን ሊውጥ ነው ታዲያ፣ የጥንቸሏን ካሮት?» ኡሙሃኒ ሳቀች፤ ውቢት ሳትስቅ ስታያት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አትቆጪ እንጂ። እኔን የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? አባቴ ከአላምረው ጎን እዚያው በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጥ። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ አላተኮሰውም። ያው ክኒን፣ ያው ትንኝ። እንዴት ነው ነገሩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ውቢት። እግሯ ግን ወደ ጣቢያው አመራ።

ደሳለኝን ያገኘችው የጥንቸሎቹ ሳጥን ፊት ቁጢጥ ብሎ ነው። አላምረው «ብርቄ» ብሎ የሰየማት ግራጫ ጥንቸል ጀርባ ላይ፣ እሱ ይላጨው በነበረው ቦታ፣ ፀጉሩ ተመልሶ በቅሏል። ውቢት እጇን ሰዳ ነካችው። ለስላሳ ነው፤ ከሌላው ፀጉር ገና ያጥራል።

«ለምን ‹እፊቴ ነው የዋጠው› አሉ?» አለችው።

ደሳለኝ ለጥንቸሎቹ እፍኝ ሣር አነሳ። «እሱ ነግሮሻል ማለት ነው» አለ። «በየዓርቡ እጁ ላይ ነበር የማኖርለት። ቅዳሜ ስጠይቀው ‹ዋጥኩ› ይለኛል። እኔም አምኜ ‹ዋጠ› ብዬ አልፋለሁ። ያንን አምኜ ነው ሲያተኩሰው ወባ ነው ያላልኩት። ክኒን የሚውጥ ልጅ ነው፣ ታይፎይድ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አጠፋሁ። በማግሥቱ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሳየው…» የሣር እፍኙን ሳጥኑ ውስጥ ጣለ።

«ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ ብል ከሥራ ያባርሩኛል፤ ምናልባትም ያስሩኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም የከለከለኝ። ካልዋጠው ለምን አልዋጠም? ምን አደረገው? ይህን አስቤ አስቤ መድረሻ ሳጣ፣ መድኃኒቱ ተሸነፈ ማለት ቀለለኝ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ካልዋጠውስ?» አለች ውቢት።

«ካልዋጠው መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። እነ ነጅሙዲን ይውጡት። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ያለ ሰው ሁሉ ይውጠው።»

ውቢት ብርቄን አንዴ ደባብሳ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ተናኜ ደጃፉ ላይ በጣሳው ውኃ ትሞላ ነበር። ጥንቸል ነክቶ የሚመጣ ሰው እቤቱ ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ እሷ ግን ፀሐይ ባዘቀዘቀ ቁጥር ትሞላዋለች፤ ጠዋት ደግሞ ከአተር ተክሏ ሥር ትደፋዋለች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

«የት ቆየሽ፣ ልጄ?» አለቻት። «ነገ አንቺም ትመሰክሪያለሽ። ‹ወንድሜ ክኒን ይዞ ሲመጣ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም› በይ። ይህችን ብቻ። ሰውየው ያለ መድኃኒት ለትንኝ እንደሰጠው ይወቁለት። እኔ ሌላ ምን አለኝ? እሱን ካላሳሰርኩት ልጄ በከንቱ ነው የሄደ።»

ውቢት እናቷን አየቻት። ፊቷ ከስቷል፤ ግን ቆማለች፤ ትናገራለች፤ ትቆጣለች። ወባው አልፏታል። ከወንድሟ የቀረው ይህ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ እናቱ በእግሯ መቆሟ። ይህን ብትነግራት ምናልባት መቆሟንም ትጠላዋለች። መሐላው ትዝ አላት። ይሙት ብላ የማለችበት ሰው ሞቷል፤ አሁን መሐላውን የሚፈታላት የለም።

ኡሙሃኒ «አባቴ ምን ሊውጥ ነው ታዲያ» ማለቷም ትዝ አላት።

ጎንበስ ብላ እጇን በጣሳው ውኃ ታጠበች፤ መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ ጥፍሮቿ ሥር፣ ልክ እሱ ያደርግ እንደነበረው። ተናኜ የውኃውን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ» አለች ውቢት እጇ እየተንጠባጠበ። «ክኒን ይዞ ሲመጣ አይቼዋለሁ። በየዓርቡ። ነገ ሸንጎው ፊት ይህንኑ ነው የምናገር። በመስከረም አንቺን ያስነሣሽ ክኒን ግን የማን እንደነበር ከሰው መሃል ሆነሽ እንድትሰሚው አልፈልግም። መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ። አሁን።»