ሲስተሙ እየዞረ ነበር

አዛውንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጉ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ክልትው አሉ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ፋይላቸው ላይ በቀይ ተጽፏል። የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ግን ጣቱን የቀሰረው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ላይ ነበር፤ ፋይሉ በጊዜ ያልተከፈተው በእሷ ቸልተኝነት ነው ተባለ። ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ፖሊስ ግን ሁሉም በአንድ አፍ የሚያወራው ነገር አይጥማትም። በቀጥታ መርፌውን የወጋውን ነርስ አስጠራችው።

«ፋይላቸውን በካርድ ቁጥራቸው ፈለግኩ» አላት። «ሲስተሙ አልከፍትም ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ አሥር ደቂቃ! ሁሌም እንዲሁ ነው። ሰውዬው እያቃሰቱ ምን ላድርግ? ወጋኋቸው።»

«በስም ፈልገህ እንዳይሆን?»

«ኧረ በካርድ ቁጥር! ከፈለጉ እምላለሁ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት።»

ቀጥላ የተጠራችው የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«ልጄ፣ የደበቅሽው ነገር አለ።»

«ከተናገርኩ ሥራ አስኪያጁ ያባርሩኛል።»

«ካልተናገርሽ እኮ የሰው ነፍስ በአንቺ ይላከካል!»

ይሄኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ሁሉንም ዘረገፈችው።

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን፣ ነርሱንና የሟቹን ሴት ልጅ ካርድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ አንድ ካርድ ለማግኘት ሁለት መቶ ሺህ መዝገብ ከላይ እስከ ታች ያገላብጥ ነበር። ይህች ልጅ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁላችሁም ምሳ ስትወጡ፣ ለካርድ ቁጥሩ ኢንዴክስ ሠራችለት። እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው፤ የሚፈለገው የት እንዳለ በቀጥታ ይጠቁማል። ያለ ፈቃድ ሲስተም መንካት ስለሚያስባርር ትንፍሽ አላለችም።»

«እና?» አለ ነርሱ።

«እናማ የሟቹን ቁጥር ራስህ ጻፈው።»

ጻፈ። ጣቱን ሳያነሳ ፋይሉ ቦግ አለ፤ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከላይ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዞረ ነገር የለም። በስም ነው ብትል አምንህ ነበር፤ እሱ ኢንዴክስ ስላልተሠራለት ዛሬም ይንቀራፈፋል። አንተ ጭራሽ አልፈለግህም።»

ነርሱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ» አለ። «መፈለግ ከተውኩ ወር አልፎኛል።»

የሟቹ ልጅ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች፤ ቁጥሩን አጥፍታ በገዛ እጇ እንደገና ጻፈችው። ፋይሉ ወዲያው መጣ።

«ይችን ታህል ነው?» አለች። «አባቴን ለማትረፍ ይችን ታህል ጊዜ ነው የጠፋው?»