«ቀጭኑን ገመድ አልሸጥልዎትም»

ዴልማር ገመድ መሸጫው ሱቅ ሲገባ ባለሱቋ ቀና ብላ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ ወገቡን ነበር። መታጠቂያው ላይ የተንጠለጠለውን፣ ገመድ ነክሶ የሚይዘውን ብረት። ዛፍ ወጪዎች ፍሬን የሚሉትን።

«ምን ልታዘዝ?»

«ያንን ቀጭኑን። ሰማያዊውን።»

«ለዚህ ፍሬን?»

«ለአንገቴ አይደለም መቼም!»

አልሳቀችም። ሮዌና ትባላለች፤ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ፣ ዐይኗ የረጋ ሴት። ገመዱን አወረደችና መልሳ ሰቀለችው።

«አልሸጥልዎትም። ፍሬንዎ የተሠራው ለአሥራ ሦስት ሚሊ ገመድ ነው፤ ይሄ አሥራ አንድ ነው። አይነክሰውም። ብረቱ ላይ ተጽፏል እኮ... አላነበቡትም?»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዴልማር ትምህርት ያቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኦሪገን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ፤ አለቃ የሆኑበት ግን ወረቀት የያዙት፣ እንኳን ዛፍ መሰላል የሚፈሩት ናቸው። «አላነበብክም?» የሚለውን ከስንቱ አፍ ሰምቷል! ሰው ሲንቅህ ደግሞ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«እንግዲያው ማንበብ የሚያውቁት ይውጡበት!» ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

መንገዱን ሙሉ ያሰበው ግን ገመዱን አይደለም። ዐይኗን ነው። ያናደደውም ይኸው ነው። የጠላኸው ሲንቅህ ትለምደዋለህ፤ የወደድካት ስትንቅህ ግን...

ያንኑ ሰማያዊ ገመድ በፖስታ አስመጣው።

ቅዳሜ ጠዋት በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን አሮጌ የሜፕል ዛፍ ሊገርዝ መጣ። ምእመናኑ ከበው ያያሉ። አዲስ ገመድ የያዘ ዛፍ ወጪ መጀመሪያ ከመሬት በጉልበት ከፍታ ተንጠልጥሎ ይፈትነዋል፤ ወጉ ነው። ዴልማር ራሱ ለስንቱ አስተምሮታል። ዛሬ ግን በሰው ፊት እንደ ጀማሪ መንጠልጠል አሳፈረው። ገመዱን በቅርንጫፍ አሳልፎ ፍሬኑ ውስጥ አስገባና መሰላሉን ረገጠ። ሳይፈትነው፣ ከላይ ሆኖ ክብደቱን ሊጥልበት ነው።

«አንተ!»

ሮዌና ናት። ሰማያዊውን ገመድ ከመንገድ አይታ እየሮጠች መጣች።

«እዚሁ ታች ተቀመጥበት። በእናትህ... አንዴ ብቻ!»

«ደሞ ላንብብልህ ልትይኝ ነው?»

«ተቀመጥበት አልኩህ! ከዚያ ስደበኝ።»

ሊያሳፍራት ብሎ ከመሰላሉ ወረደና እግሩን ከመሬት አነሳ። ፍሬኑ ለቅጽበት ያዘ... ከዚያ ገመዱ ሾለከ፤ ዴልማር ጭቃው ላይ በቂጡ ዘፍ አለ።

«አይዞህ፣ መሬቱ ይዞሃል!» አለ አንድ ሽማግሌ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ጭቃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እኔም ዛፍ ወጪ ነበርኩ» አለች። «የዛሬ ስድስት ዓመት ቀጭን ገመድ አማረኝ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ የጠየቅኩትን ሰጥቶ፣ አመስግኖ ሸኘኝ። በአራተኛው ቀን ወደቅኩ።» ትከሻዋን ነካ አደረገች። «አላነበብክም ወይ ያልኩህ፣ እኔም ስላላነበብኩ ነው። ስለ ትምህርትህ ምን አውቄ ልንቅህ?»

ዴልማር የናቁትን ሁሉ በስማቸው ያስታውሳል። ያሰቡለትን ግን... አንድም ስም አልመጣለትም።

«ተነስ» አለችው። «ትክክለኛውን እሰጥሃለሁ።»

የዚያን ቀን ገመድ ገዛ። በሳምንቱ የሚገዛው ነገር ሳይኖረው ሱቁ ሄደ። ከዚያማ ሰበብ መፈለጉንም ተወው።

በጸደይ፣ ከወደቀች ወዲህ ዛፍ ያልነካችው ሮዌና ከእሱ ጋር ወጣች። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሮዌና ግንዱን አቅፋ ያዘች።

«ፈራሽ?»

«በጣም።»

«እኔም» አለ። እሱ የፈራው ግን ሌላ ነው። «ሮዌና... ታገቢኛለሽ?»

ሮዌና ቁልቁል ወደ ሣሩ አየች። የቂም ልማዱ ተቀሰቀሰበት፤ ‘ይኸው፣ ናቀችህ’ አለው ሆዱ።

«መጀመሪያ አውርደኝ» አለች።

«ለምን?»

«እዚህ ሆኜ እሺ ብል፣ ፈርታ ነው ትላለህ። አውቅሃለሁ እኮ!»

አወረዳት፤ ቀስ አድርጎ። እግሯ ሣሩን ነካ። ገመዱን ከወገቧ ፈታች፣ ሁለት እርምጃ ከዛፉ ራቀች፤ ከዚያ ዞር አለች።

«እሺ» አለችው።